እምቢ አልጠፋም ያለ ስታቲክ አርፕ (ተፈቷል፣ አልተፈታም፣ አሁን ተፈቷል)

ሰላም ለዚህ ቤት። ይሄ ክር በጣም ረዘመ፣ መጀመሪያ የለጠፍኳቸው ስክሪንሹቶችም አሁን አይከፈቱም፣ መጨረሻው ምን ሆነ እያላችሁ በኢንቦክስ የምትጠይቁኝ ደሞ በዝታችኋል። ስለዚህ ጥያቄዬንም የመጡትን መልሶችም በየቁጥራቸው በራሴ አፍ ላውራላችሁ። ያጣመምኩት ካለ ባለቤቱ መጥቶ ያርመኝ።

ጥያቄው ይሄ ነበር። ጀሞ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፣ ኢንተርኔቱን ከፊት ለፊታችን ካለው ቤት ጋ ለሁለት ነው የምንከፍለው። ራውተሩ ያገለገለ ነው፣ ብራንዱ ይቅር ጥፋቱ የሱ አልነበረም፣ የአክስቴ ልጅ ገዝቶ ኦፕንደብልዩአርቲ የሚባለውን በሊኑክስ የተሰራ የራውተር ሶፍትዌር ጫነበት (ከዚህ በኋላ ኦፕን ብቻ እለዋለሁ፣ ጣቴን አደከመኝ)። ያኔ ኔትወርካችን ላይ ኔትከት የሚለቅ ሰው ነበር፣ ማታ ማታ የሁላችንም ይቆረጥና የአንድ ሰው ፊልም ብቻ ይወርዳል። ለማታውቁት፣ ኔትከት ለስልካችሁ ራውተር መስሎ፣ ለራውተሩ ደሞ ስልካችሁን መስሎ መሃል የሚገባ ፕሮግራም ነው፣ ውሸቱን የሚያሳልፈው በአርፕ ነው፣ አርፕ ማለት የትኛው አይፒ (ኔትወርኩ ለዕቃው የሚሰጠው ቁጥር) የየትኛው ማክ (ዕቃው ራሱን የሚያስተዋውቅበት መለያ) እንደሆነ የሚጠየቅበት መንገድ ነው። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ ከሰዓቱን ቁጭ ብሎ የቤቱን የ9 ዕቃ አይፒና ማክ አድሬስ አንድ ላይ አሰረልኝ (ስታቲክ አርፕ የሚባለው ይሄ ነው)፣ ከዛ በኋላ ማንም ቢዋሽ ራውተሩ አይሰማም ተባለ፣ እሱም ወደ ዱባይ ተመለሰ። እውነትም ሰላም ሆነ።

ሁለት ዓመት አለፈና ለእማዬ አዲስ ስልክ ተገዛላት። ዋይፋይ ይገናኛል፣ 5 ደቂቃ አንዳንዴ 8 ደቂቃ ይሰራል፣ ከዛ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት የለም ይላል። አጥፍታ ስታበራው ትንሽ ይሰራና ደግሞ ያው። የኔ ስልክ፣ ቲቪው፣ የእህቴ ላፕቶፕ ምንም አልሆኑም። እማዬ በቃ ፎርጅድ ነው የሸጡልህ፣ መልሰው ማለት ጀመረች። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ሳይ የእማዬ ስልክ የሚይዘው 192.168.1.120 አርፕ ሰንጠረዡ ላይ በሌላ ማክ ነው የተመዘገበው፣ ማኩን ሳጣራው ያምና የሸጥኩት ላፕቶፕ ሆኖ ተገኘ! ዕቃው ሌላ ሰው ቤት ነው ያለው፣ ስሙ ግን እኛ ቤት ቀርቷል። ይሄን መስመር እንዴት ነው የማጠፋው ብዬ ጠየቅኩ።

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ጀመረና የኦፕኑን ቨርዥን፣ ስልኩን ሌላ ቦታ መሞከሬን፣ ፎርጌት ብዬ እንደገና ማስገባቴን ጠየቀኝ። ሌላ ቦታ እንደሚሰራ፣ ፎርጌት ባደርገው ግን ተመልሶ እዛው 120 ላይ እንደሚወድቅ ነገርኩት። ቁጥር 2 ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስም ወደ አይፒ የሚቀይረውን) 8.8.8.8 እንዳደርገው መከረኝ። ራውተር ቢቃጠልም ዲኤንኤስ ቀይር የሚል ሰው አይጠፋም፣ ለይሉኝታ ሞከርኩት፣ ምንም።

ቁጥር 3 ሪሴት እንዳደርገው ነገረኝ፣ ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ። እኔ ደሞ እሱን አስቀድሜ አድርጌው ነበር። የኢንተርኔቱን ዩዘርኔምና ፓስወርድ የሚያውቀው የአክስቴ ልጅ ብቻ ስለሆነ ሪሴት ከማድረጌ በፊት ባካፕ ወሰድኩ፣ ሪሴቱ ሲያልቅ ባካፑን መለስኩት፣ ያ የአርፕ መስመርም አብሮ ተመለሰ። ቁጥር 3 ይሄን ሲያነብ ሳቀብኝ፣ ሸሚዙን አጥቤ እድፉን በጥንቃቄ መልሼ እንደቀባሁበት ጻፈልኝ። ልክ ነበር፣ ግን ያኔ እድፉ የትኛው ፋይል ላይ እንዳለ አላውቅም።

ቁጥር 4 ሀዋሳ ሞባይል ጥገና የምትሰራ እህት ናት። በፈረንጅ ከ2019 ጀምሮ፣ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ማለት ነው፣ ስልኮች ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የውሸት ማክ እየፈጠሩ እንደሚገናኙ አስረዳችኝ፣ ከዋይፋዩ ፕራይቬሲ የሚለው ጋ ገብቼ የስልኩ የራሱ ማክ ላይ እንዳደርገው። አደረግኩት። ሰራ! አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሙሉ ቀን ሰራ። እማዬ ከስንት ጊዜ በኋላ ያለ ጭቅጭቅ ስብከቷን ሰማች፣ እኔም ርዕሱ ላይ ተፈቷል ብዬ ጨመርኩ፣ ለልጅቷም የምርቃት መዓት አወረድኩባት። ቁጥር 5 እና 7 እንኳን ደስ ያለህ ሊሉ ነው የገቡት።

መሃላቸው ያለው ቁጥር 6 ግን ደስታዬ ላይ ውሃ ቸለሰ። ያልገባኝን ነገር ተፈቷል ብዬ ሰው እንዳላሳስት ነበር የጀመረው፣ አነጋገሩ ሻካራ ነው፣ ቀጥሎ የጻፈው ግን ወርቅ ነው። ኦፕን ላይ አይፒ የሚያድለው ዲኤንኤስማስክ የሚባለው ፕሮግራም ቁጥሩን ዝም ብሎ በተራ አይሰጥም፣ የዕቃውን ማክ ወስዶ ከሱ አስልቶ ነው የሚመርጠው። ስለዚህ ያው ማክ ሲመጣ ያው ቁጥር ይደርሰዋል። አንድሮይድ ደሞ ለአንድ ዋይፋይ ስም የሚፈጥረው የውሸት ማክ ፎርጌት ብትለውም አይቀየርም፣ ለዛ ነው እማዬ መቶ ጊዜ ብትገባ 120 ላይ የምትወድቀው። ማኩ ሲቀየር ስሌቱም ተቀየረና 187 ላይ አረፈች፣ በቃ ይሄው ነው። ጉድጓዱ አልተደፈነም፣ እማዬ ናት ዞር ያለችው፣ ቀጥሎ ሌላ ሰው ይገባበታል። እኔ በአነጋገሩ ተናድጄ የማይረባ መልስ ሰጠሁትና ሄድኩ።

ከ11 ቀን በኋላ የእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር፣ ቤቱ ሰው ሞላ፣ የእማዬ አጎት ፓስወርድ ጠየቁኝ ሰጠኋቸው። ትንሽ ቆይተው ጠርተው ኢንተርኔት እንደሌለ ነገሩኝ፣ አይተውኛል፣ እንዴት እንዳዩኝ አትጠይቁኝ፣ እያወቀ ሰጥቶ ያቋረጠብኝ የሚል አስተያየት ነው። ሮጬ ገብቼ ሳይ 131 ላይ ወድቀዋል፣ 131 ደሞ ድሮ ተሰብሮ የተጣለ ታብሌት ስም ላይ የታሰረ ነው። ያን ቀን ማታ ተመልሼ ርዕሱን አልተፈታም አደረግኩና ቁጥር 6ን ይቅርታ ጠየቅኩ። ለይቅርታዬ አልመለሰልኝም፣ ላይክ ብቻ አደረገ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ቀልድ የሆነው። ቁጥር 8 በትዕዛዝ መስመር ገብቼ ሰንጠረዡን ፍላሽ እንዳደርገው ጻፈ። ቁጥር 9 ደነገጠ፣ ለአንድ መስመር ብሎ ራውተር ፍላሽ ማድረግ እብደት እንደሆነ፣ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ራውተሩ ጡብ ሆኖ እንደሚቀር፣ ደሞስ የትኛውን ፈርምዌር (የራውተሩን ዋና ሶፍትዌር) ሊጭንበት ነው እያለ ቁጥር 8ን ወረደበት። ቁጥር 8ም እልህ ይዞት ይሄን በቀን አስር ጊዜ እንደሚያደርገው መለሰ። ሁለቱ ስድስት ሰባት መልስ ከተነታረኩ በኋላ ነው አንዱ ስለ ሽንት ቤት ውሃ ዓይነት ፍላሽ፣ ጠርጎ ማጽዳት ማለት ነው፣ ሌላው ስለ ፈርምዌር ፍላሽ እያወራ እንደሆነ የታወቀው። በኛ ፊደል ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ፍላሽ ዲስክ ቢጨመርበት ሦስት ይሆናሉ። የነሱን ጭቅጭቅ ቁጥር ውስጥ አላስገባሁትም።

ቁጥር 10 ሁለቱንም አረማቸው። ሊኑክስ ላይ ሰንጠረዡን ፍላሽ ስትል የሚጠረጉት ራውተሩ ራሱ የተማራቸው ናቸው፣ ፐርማነንት ተብለው የተጻፉትን ትዕዛዙ እያያቸው ያልፋል፣ እነሱንም ጥረግ ብለህ ለይተህ ካልነገርከው። ፍላሽ አድርጌ ምንም ያልተለወጠው ለዚህ ነው። አንድ በአንድ በስማቸው ዲሊት ማድረግ እንዳለብኝ አሳየኝ። አደረግኩት፣ 120 ጠፋች፣ ዓይኔ እያየ ጠፋች፣ የእማዬን ስልክ መልሼ ወደ ውሸት ማኩ አዛወርኩት፣ ይሰራል። ቡና ተቆልቶ ሳይወቀጥ መስመሯ ተመልሳ ቁጭ ብላለች። በዚህ ጊዜ እውነት ለመናገር ቤቱን ጠበል ልረጨው ነበር።

ቁጥር 11 ረጅም ነው ግን ለጀማሪ እሱን ነው የምመክረው። አርፕን በኮንዶሚኒየም ዘበኛ መሰለው። ዘበኛው ማን የት ቤት እንዳለ በሁለት መንገድ ያውቃል፣ አንደኛው ሰው ሲገባ ሲወጣ እያየ በጭንቅላቱ የያዘው ነው፣ ይሄ ተከራይ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ሌላው ኮሚቴው በእስክሪብቶ ጽፎ የሰጠው ደብተር ነው፣ እሱ ላይ የተጻፈ ሰው ከለቀቀ ዓመት ቢሞላውም ዘበኛው ዓይኑን አያምንም ደብተሩን ነው የሚያምነው። የእማዬ ስልክ ዕቃ ታዛለች፣ ትዕዛዙ በትክክል ይወጣል፣ ዕቃው ሲመጣ ግን ዘበኛው ደብተሩን ያያል፣ ይሄ የነአቶ እገሌ ነው ይላል፣ አቶ እገሌ ደሞ የሉም፣ ዕቃው ሜዳ ላይ ይቀራል። መሄድ አለ፣ መምጣት የለም። ስልኩ ራውተሩን ማን ነህ ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚያገኘው ደሞ ያ መልስ ደብተር ሳይታይ ለጠያቂው በቀጥታ ስለሚሰጥ ነው፣ ስለዚህ ስልኩ በሱ በኩል ሁሉም ነገር ደህና ይመስለዋል።

ቁጥር 12 የዘበኛው ምሳሌ ስህተት ነው ብሎ ተነሳ። አርፕ የተጻፈው በ1982 በአርኤፍሲ 826 (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ነው) እንደሆነ፣ ሰነዱን አንብበን እንድንመጣ፣ የሌየር 3 (የኔትወርክ ሥራ በደረጃ ሲከፈል ሦስተኛው) ነገር እንደሆነ። ቁጥር 13 ሌየር 2 ነው አለ። ቁጥር 14 ሁለት ተኩል ነው ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረ፣ ማንም አልታረቀም። እኔ እናቴ ኢንተርኔት ከሌላት ሌየሩ ስንት ቢሆን ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር፣ አሁን ሳየው ትንሽ ባለጌ መልስ ነው፣ አርኤፍሲውም እውነት አጭር ስለሆነ የሚነበብ ነው።

ቁጥር 15 የአዳማው ነው፣ ኢንተርኔት ካፌ የነበረው። ደንበኞች በኔትከት እየተቆራረጡ ሲያስቸግሩት 12ቱም ኮምፒውተር ላይ የራውተሩን ማክ የሚያስር ባች ፋይል ጽፎ ስታርትአፕ ፎልደር ውስጥ ከተተው፣ ዊንዶው በተነሳ ቁጥር ራሱ ያስራል። ዓመታት ሰራለት። አንድ ክረምት ራውተሩ በመብረቅ ተቃጠለና አዲስ ገዝቶ ሰካ። 12ቱም ኮምፒውተር ኢንተርኔት የለም፣ የሱ ላፕቶፕ ብቻ ይሰራል። መስመሩ ነው ብሎ ቴክኒሻን ጠራ፣ ቴክኒሻኑ መስመሩ ደህና ነው ብሎ ሄደ፣ ኬብል ቀየረ፣ ስዊች ቀየረ፣ ሙሉ ቀን ካፌው ተዘግቶ ዋለ። ማታ ላይ ነው ያ ባች ፋይል ትዝ ያለው፣ 12ቱም የሞተውን ራውተር ማክ እየጠሩ ነበር። የጨመረው ነገር ይጠቅማል፣ በድሮው አርፕ ትዕዛዝ የታሰረ ዊንዶው ሪስታርት ሲደረግ ይፈታል፣ ኔትኤስኤች በሚባለው የታሰረ ግን ሪስታርትም ቢደረግ አይለቅም፣ በራሱ በኔትኤስኤች ካልተሰረዘ። የሱን ታሪክ ሳነብ ቀዝቀዝ አለኝ፣ ቢያንስ እኔ አጎቴን ነው ያስቀየምኩት፣ እሱ የቀን ገቢውን ነው ያጣው።

ከዛ ክሩ ተበላሸ። ቁጥር 16 ዩኒቨርሲቲ ዶርም እያለ ኔትከት ሲለቅ የነበረው እሱ እንደነበረ ተናዘዘ፣ እየሳቀ ነው የጻፈው፣ ኳስ ሲኖር ፎቁን በሙሉ ቆርጦ ለብቻው ያይ እንደነበር። ቁጥር 17 አልሳቀችም። በዛው ዘመን የመመረቂያ ጽሑፏን ለአማካሪዋ ልትልክ ሌሊቱን ሙሉ ስትሞክር መቅረቷን፣ ጠዋት ሦስት ኪሎ ሜትር በእግሯ ሄዳ ፍላሽ ዲስክ መስጠቷን (ሦስተኛው ፍላሽ ይሄው መጣ) ጻፈች፣ ከዚያ ቁጥር 16ን ሌባ አለችው፣ ዙሪያውን ሳትሄድ ሌባ። እሱ ኢንተርኔቱ የመንግሥት ነበር የማንን ሰረቅኩ ብሎ መለሰ፣ ይሄ ደሞ የባሰ ሆነ። ቁጥር 18 አወያዩ ነው፣ ሁለቱም ወደ አርፕ እንዲመለሱ አስጠነቀቀ። የኔ ፍርድ ከተጠየቀ ልጅቷ ልክ ናት።

ቁጥር 19 ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ስልሳን እንዳለፈ ስለነገሩን ሁላችንም አንቱ ማለት ጀመርን። መጀመሪያ ሰፊ ትዝታ አወሩ፣ በ2002 መጨረሻ ስለወጣው ያ ሰማያዊና ጥቁር ሊንክሲስ ራውተር፣ ውስጡ ሊኑክስ እንደሆነ ታውቆ ኮዱ ሲለቀቅ በ2004 ኦፕን ከሱ ላይ እንዴት እንደተጀመረ፣ አሁንም አንዱ ጋራዣቸው ውስጥ እንዳለ። ሰው ሊሰለች ሲል ግን ወደ ነገሩ ገቡ። እስካሁን ሁላችንም መስመሩ እንዴት ይጥፋ እያልን ነው የምንሟገተው፣ መስመሩ ግን ቁጥር 10 ጋ በደንብ ጠፍቷል። ጠፍቶ ከተመለሰ መልሶ የሚጽፈው አለ ማለት ነው። ስለዚህ ማጥፋቱን ትቼ ሰዓት ይዤ እንድቀመጥ፣ ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ላይ እንደሚመለስ እንድጽፍ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ፣ አዘዙኝ። እስከዛሬ ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ቁጥር 20 እኔ በምንድነው የምትገባው ሲሉኝ በሉሲ ነው በማለቴ ሊቀልድ የገባ ነው። ሉሲ የኦፕኑ የድር ገጽ መግቢያ ስም ነው፣ ሉዋ ከሚባለው ቋንቋ የመጣ ስም። እሱ ግን ራውተሬ በኛ አቆጣጠር በ1967 ሐዳር ላይ ተቆፍሮ የወጣ እንደሆነና ሙዚየም እንዳስረክብ መከረኝ፣ ሦስት አራት ሰው ድንቅነሽ እያለ ተከተለው። አወያዩ ይሄን ዝም አለው።

ማታ ቁጭ ብዬ ሰዓት ያዝኩ። 1 ሰዓት ከ50 ላይ ተመለሰ፣ አጠፋሁ፣ 2 ሰዓት ላይ ተመለሰ፣ አጠፋሁ፣ 2 ከ10 ተመለሰ። ይሄን ለጠፍኩና የራውተሩን ሎግም አብሬ ለጠፍኩ። ቁጥር 21 ሎጉ 17:10 እያለ እኔ 2:10 ማለቴ የራውተሩ ሰዓት መበላሸቱን ያሳያል ብሎ ሰዓት ማስተካከያ ሊያስገባኝ ነበር። የሲልቨር ስፕሪንጉ ሰው ናቸው ያቀኑት፣ ራውተሩ በግሪንዊች ነው የሚጽፈው፣ 3 ስትጨምሩ 20:10 ይሆናል፣ እሱ ደሞ በኛ ማታ 2:10 ነው፣ ምንም አልተበላሸም። ሰዓቱን ተዉትና ደቂቃውን እዩት አሉ፣ 50፣ 00፣ 10። ዜሮ ላይ ብቻ የሚመጣ ነገር የሰው ልጅ ልማድ አይደለም።

እዚህ ላይ ቁጥር 22 ቀደም ብሎ መልስ ጽፎ ስለነበር እሱን ነው መጀመሪያ የሞከርኩት። ሲስተም ውስጥ ስታርትአፕ የሚለው ጋ፣ ታች ሎካል ስታርትአፕ የሚል ሳጥን አለ፣ ራውተሩ በተነሳ ቁጥር የሚነበብ። ከፈትኩት፣ 9 መስመር! 120ም 131ም ሁሉም ተሰልፈዋል። ባካፑ ተሸክሞ ያመጣው እድፍ ይሄ ነው፣ ኦፕን ባካፕ ሲወስድ ይሄንንም ፋይል ይይዛል። ሁሉንም አጠፋኋቸው፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ እየዘፈንኩ ርዕሱን ተፈቷል ላደርገው ስል 10 ደቂቃ ልጠብቅ አልኩ። ጥሩ ነው የጠበቅኩት። ዜሮዋ ስትደርስ ዘጠኙም ተመለሱ።

ቁጥር 23 በየ10 ደቂቃው ከሆነ ክሮን (በተመደበለት ሰዓት ትዕዛዝ የሚያስነሳው) እንጂ ሌላ ሊሆን እንደማይችል፣ እዛው ሲስተም ውስጥ ስኬጁልድ ታስክስ የሚለውን እንዳይ ነገረኝ። እዛ ነበረች። አንድ መስመር፣ አንድ ትንሽ ስክሪፕት የምትጠራ። ስክሪፕቷ አናት ላይ የአክስቴ ልጅ ማስታወሻ ትቷል፣ ይሄ የተሰራው ፊት ለፊት ቤት ለተከራየው ልጅ እንደሆነና ልጁ ሲለቅ እንዲጠፋ። ልጁ ከለቀቀ ዓመት ሆኖታል።

ግን ለምን ሁለት ቦታ አሰረው ብዬ ጠየቅኩ፣ ቁጥር 23 ለዚህም መልስ ነበረው፣ እኔ በዚህ ክር ውስጥ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ዲኤንኤስማስክ ለአንድ ዕቃ አይፒ ሲያድል ዕቃው ገና አድራሻ ስለሌለው መልሱ እንዲደርሰው ብሎ ማኩን በቀጥታ አርፕ ሰንጠረዡ ላይ ይጽፈዋል፣ እዛ ቦታ ላይ ስታቲክ ቢኖርም ደርቦበት ነው የሚጽፈው። የአክስቴ ልጅ ቋጠሮው በየጊዜው ሲላላበት አይቶ መሆን አለበት በየ10 ደቂቃው የሚያጠብቅ ነገር የጨመረው። የእማዬ ስልክ ሲገናኝ ለጥቂት ደቂቃ የሚሰራው፣ ከዛ የሚቆመው፣ አጥፍታ ስታበራው የሚመለሰው በዚህ ነው። ስትገናኝ ዲኤንኤስማስክ ይጽፍላታል፣ ዜሮ ደቂቃ ሲደርስ ክሮኑ ይሰርዝባታል። 5 ደቂቃ ወይ 8 ደቂቃ የሆነው የገባችበት ሰዓት ስለሚለያይ እንጂ ስልኩ አምሮት አይደለም። ፎርጅድም አይደለም።

ክሮኑን አጠፋሁ፣ ስክሪፕቱን አጠፋሁ፣ ዘጠኙን አንድ በአንድ ዲሊት አደረግኩ፣ አዲስ ባካፕ ወሰድኩና አሮጌውን ደመሰስኩት (ቁጥር 3 ይሄን እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ)። ይሄው ወር ሊሞላው ነው አልተመለሰም።

ቁጥር 24 ዘግይቶ መጣ ግን ልክ ነው። ሰው ስታቲክ ሊዝና ስታቲክ አርፕን እያምታታ እንደሚጎዳ፣ የመጀመሪያው ዲኤችሲፒው (አይፒ የሚያድለው) ለዚህ ማክ ሁሌ ይሄን ቁጥር ስጥ የሚባልበት እንደሆነና ዕቃው ቢጠፋ ማንንም እንደማይጎዳ፣ ሁለተኛው ግን ሌላ ማክ አትመን ማለት እንደሆነ። ደሞ ራውተሩ ላይ ብቻ ማሰር ግማሽ በር መዝጋት ነው፣ ኔትከት ስልኩን ሊያታልለው ይችላል፣ ስልኩ ላይ ደሞ ሩት ሳይደረግ የሚታሰር ነገር የለም። የዋይፋዩ ክላየንት አይሶሌሽን የሚለውን ባበራ ዕቃዎቹ እርስ በርስ ስለማይተያዩ ለኔትከት የተሻለ እንደሚሆን መከረኝ። አበራሁት፣ ስልኬ ቲቪው ላይ ቪዲዮ መላክ ስላቆመ እህቴ ጮኸች፣ ለእንግዳ ብቻ ሌላ የዋይፋይ ስም ከፍቼ እሱ ላይ አደረግኩት። ለቲቪውና ለእህቴ ላፕቶፕ ስታቲክ ሊዝ ሰጠኋቸው፣ የቀረውን ተውኩት።

ቁጥር 25 ይሄ ሁሉ ራስ ምታት የመጣው ከጎረቤት ጋ ተካፍሎ በመክፈል እንደሆነ፣ የራሱን መስመር የማያስገባ ሰው ክር ከፍቶ የሰው ጊዜ ባይበላ እንደሚሻል ጻፈ። ለሱ ሁለት ሦስት ሰው መልሶለታል፣ አልደግመውም።

ቁጥር 26 ቁጥር 4 ናት፣ የሀዋሳዋ፣ እማዬ አሁን እንዴት እንደሆነች ልትጠይቅ ተመለሰች። እውነቱን ነገርኳት። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ የእማዬን ስልክ ላስገባው ብዬ ስቀበላት ዋይፋዩ ላይ የማላውቀው ስም ተገናኝቷል። 5ኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ ቡና ላይ ችግሯን ሰምተው የራሳቸውን ፓስወርድ ከሰጧት ሦስት ሳምንት ሆኗታል፣ እኔ ሰዓት ይዤ ደቂቃ ስቆጥር እሷ በሰው ዋይፋይ ስብከት እየሰማች ነበር። ወደኛ ልመልስሽ ስላት የነሱ አይቆራረጥም፣ አትነካካብኝ አለች።

ቁጥር 27 የ5ኛ ፎቋ ሴትዮ ልጅ እዚህ ክር ውስጥ አለመኖሩን እርግጠኛ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። አይደለሁም።